ከሰሃኑ ሥር ያለው አንበሳ

አዋሳ ውስጥ ብዙነሽን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ሰማያዊ ሰሃኖቿን ያልሰማ አልነበረም። ምን ያህል እንደምትሳሳላቸው ባሏን ሞገስን መጠየቅ ነው። ሞገስ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ጫፍ ላይ ወጥቶ ከሽቦ ጋር ሲታገል የሚውል፣ ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረበት ሰውዬ። ከቡፌው ሰሃን አውጣ ሲባል ግን ትንፋሹን ውጦ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚያመጣው። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የገዛው ዓሣ ተጠብሶ በእነዚያ ሰሃኖች የሚቀርበው እሁድ ነው፤ እሱም እንግዳ ካለ።

ሰሃኖቹ ነጭ ሆነው ሥዕላቸው ሰማያዊ ነው። ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ሰዎች ይሄዳሉ፤ ከላይ ሁለት ወፎች ይበራሉ፤ ዳር ዳሩን ሐረግ ይዞራል። ያመጣቻቸው ሚስ ሃርት የምትባል ቀጭን እንግሊዛዊት ናት፤ ብዙነሽ የቤት አያያዝ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አብራት ታስተምር ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ፈረንጁ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ እሷም ወጣች። ከአያቷ የወረሰቻቸውን ሰሃኖች ግን ይዛ አልሄደችም፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ለብዙነሽ ሰጠቻት።

ከመስጠቷ በፊት ደግሞ አስተማረቻት። አንድ ከሰዓት ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሰሃን ሲገለባብጡ ዋሉ። ሚስ ሃርት በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ፊቱን ስለሚያይ ነው፣ አንቺ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጪ አለቻት። ሥዕሉ በእጅ የተሳለ አይደለም፤ በስስ ወረቀት ታትሞ፣ ወረቀቱ ሸክላው ላይ ተለጥፎ የወጣ ነው። ስለዚህ ዳሩን የሚዞረው ሐረግ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ የወረቀቱ ሁለት ጫፍ ሲገናኝ ቅጠሉ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። በእጅ የተሳለ ሐረግ እንዲህ አይሆንም። ፖርሴሊን የሚባለውን ቀጭን የቻይና ሸክላ ወደ ፀሐይ ብታነሺው ከጀርባው የያዝሽበት ጣት ጥላው ይታያል፤ የአያቴ ግን ወፍራም ነው፣ ጣት አያሳይም አለቻት። ከሁሉ በላይ ማኅተሙ አለ። ጀርባው መሃል ላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ በአንድ ወገን አንበሳ፣ በሌላው ወገን ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ፣ ከሥሩም ኢንግላንድ የሚል ጽሑፍ። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ይህን የሚያትመው ለማሳመር ነው፤ የንጉሥ ንብረት ነው ማለት እንዳይመስልሽ ብላ አስጠነቀቀቻት።

እንግዲህ ያ አንበሳ ነው ጉዱን ያፈላው።

የሞገስ እናት እማማ አስካለ ከተጉለት ወደ አዋሳ የመጡት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ጸሎተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። መሬት የታወጀ ሰሞን ወንድማቸውን ከቤቱ ወስደውት ወሬው ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ሞገስ አንድ ልጃቸው ነው፤ ፍቅራቸውን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ያን የሚያህል ጎልማሳ ከቤት ሲወጣ አሁንም ድረስ በር ላይ ቆመው ነው የሚሸኙት።

አንድ ቀን ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ በኃይሉ፣ የዘውድና የአንበሳ ምልክት በቤቱ ደብቆ የተገኘ ሁሉ የአብዮቱ ጠላት ተብሎ እንደሚያዝ ተናገረ። እማማ አስካለ ከሌሎቹ ባልቴቶች ጋር ተቀምጠው ሰሙ። ቤት ገቡና ከሣጥናቸው ሥር ያኖሩትን የጃንሆይን ፎቶግራፍ አውጥተው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ይሄን ስንቱ አድርጎታል፤ አይገርምም። ከዚያ ግን ዕቃ ሲያጥቡ አንዱን ሰማያዊ ሰሃን ገለበጡት።

ብዙነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እማማ አስካለ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሰሃን፣ እጃቸው ላይ ከሞገስ የሥራ ዕቃ መሃል ያወጡት ሞረድ። አጠገባቸው ያለው ውሃ ነጥቷል። ሰሃኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ማኅተሙ የነበረበት ቦታ ሁሉ ተፍቆ እንደተላጠ ጉልበት ሆኗል። አሮጊቷ ቀና ብለው ፈገግ አሉ።

"ጨርሻለሁ ልጄ" አሉ። "አሁን ይምጡ።"

ብዙነሽ ቦርሳዋን መሬት ጣለችው። የእንግሊዝ መሆኑን የሚናገርልን ማኅተሙ ብቻ ነበር፣ ሥዕሉንማ ማን ያነበዋል፣ እኔን ሳይጠይቁ እንዴት ይነኩታል እያለች ስትናገር ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሲናደድ የት ያቆማል።

"በዚህ እጅዎ አንድ ቀን ልጅዎን ያስገድሉታል" አለቻቸው።

እማማ አስካለ ሞረዱን አጥበው፣ አድርቀው፣ የነበረበት ቦታ መለሱት። ከዚያን ቀን በኋላ በሁለቱ መሃል ብሉ፣ ብዪ ከመባባል ያለፈ ንግግር አልነበረም። ሞገስ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ሊያባብል ሞክሮ፣ ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉት ተወው።

አሰሳው የመጣው እንዲህ ተኮራርፈው እንዳሉ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ የሚፈልጉት ጠመንጃና የተከለከለ ወረቀት ነበር። አልጋ ገለበጡ፣ የጤፍ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ፣ ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ቡፌውን ከፈተ። ሰማያዊውን ሰሃን አወጣና ገለበጠው፤ ተፍቋል። ሌላውን ገለበጠ፤ እሱም ተፍቋል። ሐይቁ ዳር ከነበረው የንጉሡ ማረፊያ ቤት ሰማያዊ ሰሃኖች መጥፋታቸው በቀበሌው ሲወራ ከርሟል። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ መብራት የዘረጋውስ ማን ነው? ሞገስ ነው። የሰረቀው ባይሆን ማኅተሙን ለምን ይፍቀዋል? ነገሩ እንዲህ ከተገጣጠመ ማን አይጠረጥር! ሞገስን የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወሰዱት። ሰሃኖቹንም በጆንያ ይዘው ሄዱ።

እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ሁለቱን እጆቻቸውን ሲያዩ ቀሩ። ብዙነሽ ያን አየች። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገራቸው ምን ነበረበት? አልተናገረችም፤ ልቧ ገና አልለሰለሰም ነበር።

ቀበሌው እስረኛ የሚያስቀምጠው የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ብዙነሽ ምሳ ዕቃ ይዛ መመላለስ ጀመረች። ገብታ ማየት አይፈቀድም፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ነው በሕይወት መኖሩን የምታውቀው። እዚያው በር ላይ ከሚጠብቁት ሴቶች ግን ሌላ ወሬ ሰማች። በቅዳሜው ስብሰባ ነገሩ ያልተቋጨለት እስረኛ ወደ ላይ ይተላለፋል አሉ። ወደ ላይ ማለት የት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ምሳ ዕቃዋ ባዶውን የተመለሰላት ሴት ግን የለችም።

በኃይሉ ዘንድ ሄደች። በኃይሉ ቀድሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ እንግሊዝኛ ያነባል። ክፉ ነው ብዬ አልፈርድበትም። እሱም ከበላዩ ያለውን ይፈራል፤ በዚያ ዘመን የማይፈራ ማን ነበር? ሰሃኖቹ የእንግሊዝ መሆናቸውን ስታስረዳው እስከ መጨረሻው አዳመጣትና፣ ይሄን ለብቻዬ አትንገሪኝ አላት። ለብቻዬ ሰምቼ ብፈታው ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ማስረጃ ካለሽ ቅዳሜ በሕዝቡ ፊት አቅርቢ ብሎ አሰናበታት።

ምን ይዛ ትቅረብ? ማኅተሙን ሞረድ በልቶታል። የባህል አዳራሹን አልፋ፣ መሬት መሬት እያየች ወደ ቤቷ ስትሄድ ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። ከሞረድ ያመለጠ አንድ ሰሃን አለ።

ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረየስ ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዕቃ አውጥቷል። ድግስ ሲሆን እንዲህ ነው፤ አንድ ቤት ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ሰሃን ከየት ያመጣል? ዕቃው እንዳይቀላቀል ደግሞ ሁሉም ከሥሩ ምልክት ያደርጋል። አንዷ በሚስማር ትጭራለች፣ አንዷ የበር ቀለም ታስነካለች፤ ብዙነሽ ቀይ የጥፍር ቀለም ታነጥባለች። እንዲያም ሆኖ ይቀላቀላል። ድግሱ ሲያልቅ በዕድሩ ሴቶች መሃል፣ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ዕቃ የገባባችሁ መልሱልኝ ይባላል፤ የገባባትም ታመጣለች። ይህ ሌብነት ተብሎ አያውቅም፤ ማንም ማንን አያማም። ብዙነሽ ያኔ አንድ ሰሃን ጎድሎባት፣ ጠይቃ ጠይቃ ሲጠፋ፣ ተሰብሮ ይሆናል ብላ ትታው ነበር። ዕቃውን ለየቤቱ ስታከፋፍል የነበረችው ሙሉዬ ናት።

ሙሉዬ ደግሞ የበኃይሉ ሚስት ናት። ይኸውላችሁ ጭንቁ!

ብዙነሽ በማግሥቱ ጠዋት ሙሉዬ ቤት ሄደች። ሙሉዬ የቀድሞ ተማሪዋ ነበረች፤ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚዘረጋ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሙሉዬ በሩን ከፈተች እንጂ ግቢ አላለቻትም። ብዙነሽ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰሃኑን ነገረቻት። ያ ሰሃን ከተገኘ ሞገስ ይፈታል፣ ካልተገኘ ቅዳሜ ይወስዱታል አለቻት። ይህን ስትናገር ዓይኗ በሙሉዬ ትከሻ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ላይ፣ ከቆርቆሮ ሰሃኖቹ ኋላ፣ ሰማያዊ ሐረግ ብቅ ብሏል።

"የለኝም ቲቸር" አለች ሙሉዬ።

ብዙነሽ ዓይኗን ከሐረጉ አልነቀለችም። ሙሉዬ መታየቱን አወቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከስብሰባው በኋላ እሷም ገልብጣው አይታዋለች ማለት ነው። የዘውድ ጠላት ነኝ የሚለው ሰውዬ ቤት ውስጥ ዘውድ! እንዳትሰብረው ደግሞ የሰው ዕቃ ሆነባት፤ ስለዚህ ደበቀችው። ብዙነሽ ይህ ሁሉ ገባት። ገብቷትም አንገቷን ልታንቃት ፈለገች፤ ልታቅፋትም ፈለገች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ የብዙነሽ ሰሃኖች ተደርድረዋል፤ ከማረፊያ ቤቱ ሳይጠፋ የቀረ አንድ ሰማያዊ ሰሃንም ለማመሳከሪያ መጥቷል። ሞገስ በሁለት ጠባቂዎች መሃል ቆሟል። ጺሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። መጀመሪያ ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ ከኋላ የተቀመጡትን እናቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ብዙነሽ ጊዜው የማልቀሻ እንዳልሆነ አውቃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። የማረፊያ ቤቱን ሰሃን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ ከጀርባው ያሉት ጣቶቿ እንደ ጥላ ታዩ። የራሷን አነሳች፤ ጣቷ አልታየም። ይህ ቻይና ነው፣ ቀጭን ነው፤ ይህ እንግሊዝ ነው፣ ወፍራም ነው አለች። ከዚያ የሐረጉን ስብራት እየፈለገች አሳየች። የማረፊያ ቤቱ በእጅ የተሳለ ነው፣ ሐረጉ ሳይበጠስ ዞሮ ይገጥማል፤ የእኔ በወረቀት የታተመ ነው፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ቅጠል ተቆርጧል አለች። ፊት የተቀመጡ ሴቶች ተነስተው ቀረብ አሉ። ወይዘሮ ተዋበች የሚባሉ ባልቴት መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና፣ እውነቷን ነው፣ ይኸው ተቆርጧል ብለው መሰከሩ። ብዙነሽ ትንሽ ትንፋሽ አገኘች።

በኃይሉም አየ። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ አንዱን ሰሃን ገልብጦ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ጥሩ። የእንግሊዝ ከሆነ ለምን ተፋቀ?" አላት።

ብዙነሽ የተፋቀውን ቦታ አየች። የባሌ እናት ናቸው ማለት እንዴት ይሆናል? እኔ ነኝ ብትል ደግሞ፣ የሚያውቅ ሰው ለምን ይፍቃል? ጥያቄው እንደ ወጥመድ ያዛት። ይህን ስታስብ ከኋላዋ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

"እኔ ነኝ የሞረድኩት" አሉ እማማ አስካለ።

ከተቀመጡበት ተነስተዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ አላነሱትም። በኃይሉ ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው። አሮጊቷ መዋሸት አያውቁበትም፤ መዋሸት ቢያውቁ ኖሮ እዚያ ሁሉ አይደረስም ነበር።

"አንበሳ አየሁ። የጃንሆይ መሰለኝ። ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ነው" አሉ።

አዳራሹ ጉምጉም አለ። ሞገስ ዓይኑን ጨፈነ። በኃይሉ ሰሃኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠውና፣ እናቲቱ ራሳቸው የንጉሡ ምልክት ነበረበት ብለዋል፣ ከእንግዲህ ምን እንላለን ብሎ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። አንደኛው ጠባቂ የሞገስን ክንድ ያዘ።

ብዙነሽ ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረች። ሙሉዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሰሃኑ በሊቀ መንበሩ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ግን እንዲያ ብትል በኃይሉ በሕዝብ ፊት ይዋረዳል፤ የተዋረደ ሊቀ መንበር ደግሞ ሰው አይፈታም። ዝም ብትልም ባሏ ሄደ። ያኔ ነው የዕድሩ ነገር ትዝ ያላት። በሕዝብ ፊት ሳይሆን ድግስ ቤት ጓሮ ያለች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"እናቶች፣ እህቶች" አለች። "በጋሽ ገብረየስ ልጅ ሠርግ አንድ ሰማያዊ ሰሃን ተቀላቅሎብኛል። ከሥሩ ቀይ የጥፍር ቀለም አለበት። ዕቃ ይቀላቀላል፤ ማንም አይታማም። የገባባችሁ መልሱልኝ።"

ለወንዶቹ እንግዳ ንግግር ነው። አንዱ ሳቀ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ጊዜው ሄደ፣ ጠባቂው ሞገስን ገፋ አደረገው፣ ሞገስ አንድ እርምጃ ተራመደ። ብዙነሽ አለቀልኝ አለች በልቧ።

ሙሉዬ ተነሳች። ባሏ የት ነው ብሎ ሳይጠይቃት በጎን በር ወጣች። ቤቷ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ያን ያህል አልቆየችም፤ ለብዙነሽ ግን የዓመት ያህል ነበር። ስትመለስ ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አቅፋለች። ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ፣ ባሏን ቀና ብላ ሳታይ፣ ሰሃኑን ገልብጣ አስቀመጠችው።

"የቲቸር ነው" አለች። "ከሠርጉ ዕቃ ተቀላቅሎብኝ ነው።"

በኃይሉ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰሃኑን አነሳው። ቀይዋ ነጥብ አለች። ዘውዱ አለ፣ አንበሳው አለ፣ ባለ ቀንዱ ፈረስ አለ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ብዙነሽ ሳትጠየቅ ቀርባ የሐረጉን ስብራት አሳየችው፤ ቅጠሉ ልክ እንደሌሎቹ ተቆርጧል። ወይዘሮ ተዋበችም ቀርበው አዩና፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አሉ።

በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰሃኖቹ የእንግሊዝ ናቸው፣ ከማረፊያ ቤቱ አልወጡም፣ ሞገስ ይፈታል አለ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ትንፋሽ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ብዙነሽ ሰሃኖቿን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለ በኃይሉ።

ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋው። ከእኔ ቤት ዘውድ ወጣ ተብሎ እንዲወራብኝ አልፈልግም፤ ይሄ እዚሁ ይሞረድ፣ አንቺው ሞርጂው፣ ከዚያ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ አላት። ብዙነሽ ቢያንስ ጽሑፉን ልተወው ብላ ለመነችው፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን አሳያለሁ አለችው። በኃይሉ ሚስቱን አየ፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ አየ። እንግሊዝም ቢሆን ኢምፔሪያሊስት ነው፣ ሁሉንም ሞርጂው አለ።

ከቀበሌው የዕቃ ክፍል ሞረድ መጣ። ብዙነሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰሃኑን ጭኗ ላይ ደፋችው። ሚስ ሃርት መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጪ ያለቻት ትዝ አላት። ሞረዱን አሳረፈችው፤ ሞረዱ ተንሸራቶ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰማ። ደግማ ሞከረች፤ ሰሃኑ ከጭኗ ሊወድቅ ነበር። ሞገስ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ሰሃኑ ተሰብሮ እንቢ አለች ቢባልስ? ላቧ በግንባሯ ወረደ።

እማማ አስካለ በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ ይዘው መጡ። ማንንም አላስፈቀዱም። መሬት ላይ ተንበርክከው ሰሃኑን ከሁለት በኩል ጥብቅ አድርገው ያዙላት።

"ውሃ ንኪው ልጄ" አሉ። "ወደ አንድ ወገን ብቻ ግፊው፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል።"

ብዙነሽ ውሃ ነካች። ወደ አንድ ወገን ገፋች። ሰማያዊው ዱቄት እየተነሳ በአሮጊቷ ጣቶች ላይ ፈሰሰ። ዘውዱ ሄደ። አንበሳው ከጭራው ጀምሮ ሄደ። ፈረሱ ሄደ። ጽሑፉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ እማማ አስካለ ጣሳውን ጠጋ አደረጉላት። ያን ቀን ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የነበሩትን ሴትዮ ያኔ ነው ያየቻቸው፤ ከስብሰባ ሮጠው ገብተው፣ ልጃቸውን በሞረድ ሊያድኑ ሲታገሉ የዋሉትን። ልጅዎን ያስገድሉታል ያለቻቸው ቃል ተመልሶ መጣባት። እንባዋ ሰሃኑ ላይ ጠብ አለ፤ እሱንም ከውሃው ጋር ሞረደችው።

ጽሑፉ ሲጠፋ ሰሃኑን አንስታ፣ ጀርባውን አዙራ ለበኃይሉ አሳየችው።

"ጨርሻለሁ" አለች።

ያን ቀን ጓሮ የሰማችው ቃል መሆኑን አፏ ውስጥ እያለ አወቀችው። እማማ አስካለን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ እጇን ያዙና ተነሱ፣ ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሞገስ ወደቆመበት በር ሄዱ።